የንጉሡ በሽታ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ተረት የማያውቅ የለም። ሕመሙ ከወገብ በታች የሆነ እንደሆነ ግን ተረቱን የሚያውቀው ወንድ ሁሉ አፉን ይለጉማል። እኔም ከነዚሁ አንዱ ነበርኩ። ዓምና ክረምት፣ እዚሁ ሐዋሳ ከተማ፣ አንድ ሌሊት እየተንቀጠቀጥኩ ባልነቃ ኖሮ ዛሬም ከነሱው ጋር በቆጠራችሁኝ ነበር።

ወጌ ፕሮስቴት ስለሚባል አንድ ትንሽ ዕጢ ነው። «ታሪክ ስለ ዕጢ ምን አገባው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሴ አጭር ነው። ይህ ዕጢ ሳይጠራ በአገራችን ታሪክ ውስጥ ገብቷል። ነሐሴ 1967 ዓ.ም. ላይ፣ የአንድ ዘመን መጨረሻ ሲነገር፣ የሱም ስም አብሮ በራዲዮ ተነግሯል። አባቴ ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙት ያን ጊዜ ነው። እኔ ደግሞ በአባቴ ቤት ቃሉ ለምን እንደማይነሳ የገባኝ ከሃምሳ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በራሴ ላይ ሲደርስ ነው።

ትኩሳቱ የመጣ ሌሊት

ሐምሌ ነበር። ከዚያ በፊት ለሦስት ቀናት ያህል ሽንቴ ሲያቃጥለኝና ቶሎ ቶሎ ሲያጣድፈኝ ቆይቷል። ታችኛው ወገቤንና መቀመጫዬ አካባቢም የሚደቁስ ሕመም ነበረኝ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ትኩሳቱና መንቀጥቀጡ ሲመጣ ግን መደበቅ አልተቻለም። እናቴ ሰማች። «ምች ነው» አለች። ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችኝ፤ በተረፈው ግንባሬን አሸችኝ። ስለ ሽንቱ አልነገርኳትም። ይህ ለእናት ይነገራል?

በማግሥቱ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። እዚያም የነገርኳቸው ስለ ትኩሳቱ ብቻ ነው። ደሜን ወስደው «ታይፎይድ» አሉኝ። መቼም እነሱን ብቻ መውቀስ አልችልም፤ የታሪኩን ግማሽ የደበቅሁት እኔው ነኝ። ቃጠሎው ሲብስብኝ ደግሞ አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ሰው እስኪወጣ ጠበቅሁና ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ሽንት ያቃጥለኛል» አልኩ። ከባንኮኒው ጀርባ ያለው ወጣት ፈገግ አለ፤ ጨብጥ ይዞታል ብሎ ገምቶ ይሆናል። የሐኪም ወረቀት ሳይጠይቅ ዐሥር ፍሬ ኪኒን ቆጥሮ ሰጠኝ። አራቱን ውጬ ትንሽ ሲሻለኝ ስድስቱን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኳቸው።

ሳምንት ሳይሞላ ትኩሳቱ ተመለሰ። በዚህኛው ዙር ሽንቴ ጭራሽ ቆመ። ሆስፒታል የሄድኩት በባጃጅ ነው። ያን መንገድ ብዙ ጊዜ ተመላልሼበታለሁ፤ ያን ያህል ጉድጓድ እንዳለው ግን አላውቅም ነበር። ተረኛው ሐኪም በዕድሜ ከእኔ ያንሳል። ሆዴን ዳሰሰ፤ ክሊኒኩም መድኃኒት ቤቱም ያልጠየቁኝን ሁሉ ጠየቀኝ። ጓንቱን አጥልቆ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ በፊንጢጣ በኩል በጣቱ ቀስ ብሎ መረመረኝ። ከዚያም ሽንቴ በቀጭን ቱቦ እንዲወጣ አዘዘ፤ ናሙናውም ለካልቸር ምርመራ ወደ ላቦራቶሪ ተላከ።

«ወንድሜ፣ ፕሮስቴትህ ተቆጥቷል» አለኝ።

«ሠላሳ ስድስት ዓመቴ እኮ ነው፣ ዶክተር!» አልኩት። ፕሮስቴት የሽማግሌ ዕዳ ይመስለኝ ነበር።

«እያደገ የሚያስቸግረው ሽማግሌዎቹን ነው» አለኝ። «የሚቆጣው ግን ብዙውን ጊዜ በእንዳንተ ያለው ላይ ነው።»

ተሽሎኝ ቤት ስገባ አባቴ ቡና እየጠጡ ነበር። የተባልኩትን ነገርኳቸው። ሲኒያቸውን ቀስ ብለው ከረከቦቱ ላይ አኖሩ።

«የንጉሡ በሽታ?» አሉኝ።

ከፊት የቆመው

አባቴ ወዳሉት ከመሄዳችን በፊት ከዕጢው ጋር እንተዋወቅ። ፕሮስቴት በወንዶች ብቻ የሚገኝ፣ በጤናማ ጎልማሳ ላይ ትንሽ ሎሚ የሚያህል ዕጢ ነው። የሚገኘው ከሽንት ፊኛ ሥር፣ ከፊንጢጣ ፊት ለፊት ነው። ሥራው ከዘር ፈሳሽ ከፊሉን ማመንጨት ነው። የሚያመጣው ጣጣ ግን ከሥራው ይልቅ ከአቀማመጡ ነው። የሽንት ቧንቧ ከፊኛው እንደወጣ በዚህ ዕጢ መካከል ሰንጥቆ ያልፋል። ስለዚህ ዕጢው ሲያብጥም፣ ሲያድግም፣ ሲቆጣም መጀመሪያ የሚታነቀው ሽንት ነው።

ስሙ ከግሪክ የመጣ ሲሆን «ከፊት የቆመ» እንደማለት ነው። በጥንቱ ዓለም የሰውን ገላ ከፍተው ካጠኑት ቀዳሚ ሐኪሞች አንዱ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ በእስክንድርያ የኖረው ሄሮፊለስ፣ በዚህ አካባቢ ስላሉ ዕጢዎች ጽፏል ይባላል። ከዚያ በኋላ ነገሩ ለብዙ መቶ ዓመታት ተረሳ። በ1536 እ.ኤ.አ. የቬኒሱ ሐኪም ኒኮሎ ማሳ ስለ ዕጢው ጻፈ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ስመ ጥሩው ቬሳሊየስ በሥዕል አሳየው። የመቆጣቱን ነገር ሐኪሞች ለይተው መጻፍ የጀመሩት ግን በ19ኛው መቶ ዓመት ነው።

ያን ጊዜ ተጠያቂ ተደርጎ የሚታየው ጨብጥ ነበር። በ1879 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው አልበርት ናይሰር የጨብጥን ተሕዋስ ካገኘ በኋላ ጥርጣሬው በረታ። ፔኒሲሊንና መሰሎቹ ከመምጣታቸው በፊት ዋነኛው ሕክምና ዕጢውን በጣት ደጋግሞ ማሸት ነበር። ዛሬ ዕጢው ድንገት ተቆጥቶ ትኩሳት ባለበት ጊዜ ማሸት ክልክል ነው፤ ተሕዋሱን ወደ ደም ሊገፋው ይችላልና። ቆይቶም የብዙው መቆጣት መነሻ ከአንጀታችን የማይጠፋው፣ ቴዎዶር ኤሸሪሽ በ1885 እ.ኤ.አ. የገለጸው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ መሆኑ ታወቀ። ጨብጥና ክላሚዲያ ዛሬም መንስኤ ይሆናሉ፤ ሆኖም «ፕሮስቴቱ የተቆጣ ሁሉ የሴሰኛነቱን ዋጋ አገኘ» የሚለው ፍርድ ከሳይንስ ዘንድ ከቀረ ቆይቷል። እኛ ዘንድ ገና አልቀረም። የመድኃኒት ቤቱ ወጣት ፈገግታ ለዚህ ምስክር ነው።

ጨረቃ፣ ውሻና ብራና

በልጅነታችን ምን ተብለን አደግን? ጨረቃ ላይ አትሽና፤ ውሻ በሸናበት አትሽና፤ ፀሐይ ባጋለው ድንጋይ ላይ አትሽና። ይህን የጣሰ ሽንቱ ያቃጥለዋል፣ ጨብጥም ይይዘዋል ይባላል። አባባሉ ጨዋነትም አለው። በሽተኛው ሽንቴን አመመኝ ባለ ጊዜ ጥፋቱ ወደ ጨረቃዋ ወይም ወደ ውሻው ይዞራል፤ ከማን ጋር አደርክ ተብሎ አይጠየቅም። ክፋቱ ግን ሌላውን፣ ምንም ያላጠፋውንም ሰው፣ አብሮ ማፈኑ ነው።

የድሮ ሊቃውንት ነገሩን አላጡትም። በብራና የመድኃኒት መጻሕፍታችን ውስጥ ሽንት ለከለከለው ሰው የሚሆን ቅጠልና ሥር ተጽፎ ይገኛል። ፖላንዳዊው የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ ስቴፋን ስትሬልሲን ከነዚህ መጻሕፍት አያሌዎቹን ሰብስቦ በ1968 እ.ኤ.አ. ዋርሶ ላይ አሳትሟል። ደብተራው የሚያውቀው ምልክቱን ነው፤ ውስጥ ያለውን ዕጢ አላየውም። በዚያው በ1968 እ.ኤ.አ. ሚርስና ስቴሚ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ሽንትን በአራት ብርጭቆ ከፍሎ የመመርመር ዘዴ አወጡ። የመጀመሪያው ከቧንቧው፣ ሁለተኛው ከፊኛው፣ ሦስተኛው ከራሱ ከዕጢው የተገኘ ፈሳሽ፣ አራተኛው ከዚያ በኋላ የወጣ ሽንት ነው። ተሕዋሱ የት ቤት እንደሚኖር በመጠኑም ቢሆን መለየት የተቻለው ያን ጊዜ ነው።

ነሐሴ 1967

አሁን ወደ አባቴ ልመለስ። በ1967 ዓ.ም. ሃያ ዓመታቸው ነበር፤ ሐዋሳ አንድ መጋዘን ውስጥ ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። ከተማይቱ ራሷ ገና ልጅ ነበረች። በ1952 ዓ.ም. ገደማ፣ ልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት አስተዳዳሪ በነበሩበት ጊዜ ነው ከሐይቁ ዳር የተቆረቆረችው፤ የጠቅላይ ግዛቱም መቀመጫ ከይርጋለም ወደዚህ ዞረ። ያቋቋማት ሥርዓት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋኑ ሲወርድ ሐዋሳ የዐሥራ አምስት ዓመት ጉብል ነበረች።

ዓመቱ ሳያልቅ፣ ነሐሴ 21 ቀን፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መሞት ተነገረ። ንጉሡ የ83 ዓመት አዛውንት ነበሩ። በራዲዮ የተባለው አሽከራቸው አልጋቸው ላይ ሞተው አገኛቸው፣ ምክንያቱም ከሁለት ወር በፊት ከተደረገላቸው የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ጋር ሳይያያዝ አይቀርም የሚል ነበር።

አባቴ ይህን የሰሙት ሻይ ቤት ሆነው ነው። «ፕሮስቴት ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው ነበር ይላሉ። ድሬሰር የሆነ ደንበኛ ጎንበስ ብሎ «የወንድ ነገር ነው» አለው። የሻይ ቤቱ ባለቤት ደግሞ «ዝም በሉ፣ ጆሮ አለ» አለ። ከዚያ ወዲያ ማንም ምንም አልተናገረም።

አንባቢ ሆይ፣ አንድ ቃል በአንድ ቀን እንዴት ሁለት ጊዜ እንደታፈነ ተመልከት። አንደኛው እፍረት ነው፤ የወንድ ነገር አይነሳምና። ሁለተኛው ፍርሃት ነው፤ የንጉሡ አሟሟት አይነሳምና። አባቴ ከዚያ ዕለት ጀምሮ ቃሉን የያዙት እንዲህ አድርገው ነው። ፕሮስቴት ማለት ወይ ነውር ነው፣ ወይ የተገደለ ሰው ሲቀበር የሚለበስ ከፈን ነው።

ጥርጣሬው የሻይ ቤት ብቻ አልነበረም። የንጉሡ ሐኪም የነበሩት የቀዶ ሕክምና ሊቅ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እንዲህ ያለ ችግር አልነበረም ብለው መንግሥት የሰጠውን ምክንያት አልተቀበሉትም። ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም.፣ የንጉሡ አፅም ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ከኮንክሪት ሥር ወጣ። በደርግ ባለሥልጣናት ላይ የቀረበው ክስም ንጉሡ ታፍነው ተገደሉ የሚል ነበር። አፅማቸው በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያረፈው ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው፤ ከሞቱ ሃያ አምስት ዓመት በኋላ።

እንግዲህ ዕጢው በሐሰት ተመስክሮበት ነበር ማለት ነው። ሆኖም ከሐሰቱ ውስጥ አንድ እውነት ነበር፤ ቀዶ ሕክምናው በእርግጥ ተደርጓል። በዚያ ዕድሜ ለዚህ ዕጢ ቀዶ ሕክምና የሚደረገው አብዛኛውን ጊዜ ዕጢው አድጎ ሽንት ስለሚያግድ ነው። ሥራውም ያን ጊዜ አዲስ አልነበረም። ፒተር ፍሬየር ለንደን ላይ ያደረጋቸውን ቀዶ ሕክምናዎች በ1901 እ.ኤ.አ. ይፋ ካደረገ ሰባ ዓመት አልፎ ነበር። እኛ ግን ሐሰቱን ስንጥል እውነቱንም አብረን ጣልነው። በሽታው ሰበብ ብቻ መሰለን።

ሦስት በሽታ፣ አራት መልክ

ፕሮስቴት ሦስት ዓይነት ሕመም ያመጣል፤ ሦስቱን ማደባለቅ ብዙ ሰው ይጎዳል። አንደኛው ዕጢው ከዕድሜ ጋር ማደጉ ነው፤ ካንሰር አይደለም። ሁለተኛው ካንሰሩ ነው። ሦስተኛው የእኔው፣ መቆጣቱ ነው። ከሃምሳ ዓመት በታች ያሉ ወንዶች በዚህ ዕጢ ምክንያት ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስኬዳቸው ይኸው መቆጣቱ ነው።

መቆጣቱም ራሱ አንድ መልክ ብቻ የለውም። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም በ1995 እ.ኤ.አ. በአራት ከፍሎታል። የመጀመሪያው ድንገተኛ ነው። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የሚያቃጥል ወይም የሚቆም ሽንት ያመጣል፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ተሕዋሱ ዕጢው ውስጥ ተደብቆ እየተመላለሰ የሚያጠቃው ነው። ሦስተኛው ከሁሉ የሚበዛው ነው። ወራት የሚቆይ የመቀመጫ፣ የእንብርት በታችና የብልት አካባቢ ሕመም አለ፤ በምርመራ ግን ተሕዋስ አይገኝም። አራተኛው ምንም ሕመም ሳይኖረው በሌላ ምርመራ አጋጣሚ የሚገኝ ነው።

ይህን መለየት ቁም ነገር ነው። ሦስተኛውን መልክ የያዘ ሰው ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት እየዞረ አንቲባዮቲክ ቢውጥ ዕጢው አይድንም፤ የሚተርፈው መድኃኒት የለመደ ተሕዋስ ማርባት ነው። እሱን የሚረዳው የሽንትን መንገድ የሚያላላ መድኃኒት፣ የሕመም ማስታገሻ፣ የጡንቻ ማፍታቻ እንቅስቃሴና ከጭንቀት ማረፍ ነው። የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን መልክ የያዘው ደግሞ ትክክለኛውን አንቲባዮቲክ ለሳምንታት ሳያቋርጥ መዋጥ አለበት። ብዙው መድኃኒት ወደ ዕጢው ሥጋ ዘልቆ ለመግባት ይቸግረዋል። እኔ አራት ኪኒን ውጬ ስድስቱን መሳቢያ ውስጥ ስጥል ተሕዋሱን አደናገጥኩት እንጂ አልገደልኩትም። በሁለተኛው ዙር አንድ ወር ሙሉ ዋጥኩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ፒ.ኤስ.ኤ. የሚባለው የደም ምርመራ ካንሰርን ለመጠርጠር ይረዳል፤ ይሁንና ዕጢው ሲቆጣም ቁጥሩ ይወጣል። ስለዚህ በሕመሙ መካከል የተለካ ቁጥር አይቶ መሸበር አይገባም፤ ተሽሎ፣ ቆይቶ እንደገና ይለካል።

ስለ ጫትም አለማንሳት አይቻልም፤ ሐዋሳ የወንዶ ጫት ጎረቤት ናት። የየመን ሐኪሞች በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ጤነኛ ወንዶች ጫት ሲቅሙ የሽንታቸው ፍሰት እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ጫቱ የፊኛውን አንገት ያጠብቀዋል። ቀድሞውንም መንገዱ የጠበበበት ሽማግሌ ከምርቃና በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ሽንት ቤት የሚመላለሰው ያለ ምክንያት አይደለም።

የውጭ በር

ከሆስፒታል በተመለስኩ በአሥራ አምስተኛው ቀን ገደማ አባቴ ወደ ጓሮ ጠሩኝ። እናቴ አለመኖሯን አረጋገጡ።

«ያ ሐኪም ሽማግሌም ያያል?» አሉኝ።

የቤታችን የውጭ በር ሌሊት ሌሊት ሲጢጥ ሲል ከሰማሁ ዓመታት ሆኖኛል። አራት፣ አምስት ጊዜ። ልማድ ይመስለኝ ነበር። ሰው የአባቱን የሽንት ብዛት አይቆጥርም። ለካ ያ በር ሲናገር የኖረው ይህንኑ ነው።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ አዛውንት ነበሩ። ወገቤን ቆረጠመኝ እያሉ ሁለት ዓመት ቅባት ሲቀቡ ኖሩ። ሲመረመሩ ካንሰሩ ከፕሮስቴት ተነስቶ አጥንታቸው ውስጥ ገብቶ ነበር። አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ አባቴ ናቸው። በልቅሶው ቤት ምን ገደላቸው ሲባል «ቁርጥማት» ተባለ፤ አባቴም «ቁርጥማት» አሉ። ጓሮ ሲጠሩኝ በዓይናቸው ላይ ያየሁት ፍርሃት ያን ቀን የተቀበረ መሆኑን አሁን ዐውቃለሁ።

«ያያል፣ አባዬ፤ አብረን እንሄዳለን» አልኳቸው።

ሐዋሳ በ1998 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል ከማግኘቷ በፊት እንዲህ ያለ ሰው ይርጋለም ወይም አዲስ አበባ ድረስ ይጓዝ ነበር። ዛሬ መንገዱ አጥሯል። የሚረዝመው ከጓሮ እስከ ሐኪሙ በር ያለው ነው። አባቴ ምርመራውን ግድግዳ እያዩ ታገሡት። ካንሰር አይደለም፤ ዕጢው አድጓል። የፊኛውን አንገት የሚያላላ ኪኒን ታዘዘላቸው፤ ሲነሱ ራስዎን ሊያዞርዎ ስለሚችል ቀስ ብለው ይነሱ ተባሉ። አሁን በሩ ሌሊት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ይጮሃል።

ለእኔ ሐኪሙ ካዘዘው ውስጥ አንዱ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ ነበር፤ የታችኛውን ጡንቻ ያፍታታል። እቤት ያለን የልብስ ሳፋ ነው፤ በሳፋ ውስጥ የተቀመጠ ጎልማሳ መልክ ደግሞ ለማንም አይነገርም። ትኩሳቱ ከጠፋ በኋላ ግን አንድ ቅዳሜ ከአባቴ ጋር ወንዶ ገነት ወረድን። ፍል ውኃው ዳር በንጉሡ ዘመን የተሠራው ማረፊያ አለ። አባቴ እስከ አንገታቸው ገብተው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ።

«እንግዲህ በሽታው እውነት ነበር» አሉ በመጨረሻ። «የሞቱት በሱ ባይሆንም።»

ይህን እጽፋለሁ አልኳቸው። አሰቡበት።

«ጻፍ» አሉኝ። «ስሜን ብቻ እንዳታነሳ።»

አላነሳሁም።